ራቁቱን ሰው ያዛወርኩ ጊዜ

ውድ ቨርና፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን ግን ጊዜ የለኝም፤ ሐሙስ የመንደሩ ስብሰባ አለ።

ሱቁ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። እንደምታውቂው ማንበብ የለመድኩት ከዱቄት ከረጢትና ከመዝሙር መጽሐፍ ነው፤ ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ ሦስቴ አነበብኩት። የባሕሩ ጫፍ ላይ ያለውን፣ ጀልባ የሚመራበትን የድንጋይ ክምር፣ “ራቁት ሰው” የምንለውን፣ አፍርሰው ከመብራት ማማው አጠገብ ሊክቡት ነው። እንግዶች ቅስቱን ዐለትና ወፎቹን ከሱ ጋር ፎቶ እንዲያነሱ።

ገብቼ ባለሱቁን ሄድሊን “ይህ ነገር አይሆንም” አልኩት።

“ምነው ሰሊና? ዕድሜሽን ሙሉ ራቁቱን ስታዪው ኖረሽ ዛሬ አሳፈረሽ? ካልሽ ጃኬት እናለብሰዋለን!”

ሱቁ በሳቅ ሞላ። ልጅሽ ጋርላንድም እዚያው ነበር።

“አንተስ ባሕር ላይ በምን ልትመራ ነው?” አልኩት።

“አክስቴ፣ ጂፒኤስ አለኝ እኮ።”

“ሲበላሽብህስ?”

“ያኔማ ራቁቱን ሰው አያለሁ።”

“ይዛወራል እያሉህ!”

“ትንሽ ፈቀቅ ቢል ምን ይሆናል? አይዞሽ፣ ጭንቀት አታብዢ።”

ፈቀቅ ቢል ምን እንደሚሆን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ቨርና።

ጋርላንድን ባረገዝሽበት ክረምት ነፋሱ ክምሩን ጥሎት ነበር። ወንዶቹ እንጨት ቆረጣ ሄደው ስለነበር መልሼ የካብኩት እኔ ነኝ። የድሮው ቦታ ረግረግ ሆኖ ድንጋዩን እየዋጠ አስቸገረኝ። ስለዚህ ወደ ደረቁ መሬት ወሰድኩት፤ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። አንቺ ራስሽ “እጅሽ ይባረክ” አልሽኝ።

በጸደይ መጀመሪያ የወጣው ጀልባ የባልሽ የአዛርያ ነበር። ሲመለስ ጉም ያዘው። ጉሙ ለአፍታ ሲገለጥ፣ አባቱ እንዳስተማረው ክምሩንና የቤተ ክርስቲያኑን ማማ በአንድ መስመር አድርጎ ገባ። መስመሩ ውሃ ውስጥ ወዳለው ዐለት ወሰደው።

ሰው ሁሉ ጠጥቶ ነው አለ። አንቺም አመንሽ፤ በቁጣሽ መቃብሩን እንኳ ሳትሰናበቺ ከተማ፣ ሴንት ጆንስ ገባሽ። ሟቹ ባሌ ሊያንደር ግን ገብቶት ነበር። ከቀብሩ ማግስት ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ድንጋዩን አንድ በአንድ ወደ ቦታው መለሰ። እጁ ደምቶ ገባና “ዝም በይ” አለኝ። ዝም አልኩ። እሱ ከሞተ በኋላም፣ ጋርላንድ አድጎ ወደ አባቱ መንደር ተመልሶ “የሰካራሙ ልጅ” እየተባለ ሲሰደብ እየሰማሁም፣ ዝም አልኩ።

እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጋርላንድ በወጣ ቁጥር ጀልባው እስኪገባ መስኮቱ ላይ ቆሜ እቀራለሁ። ሐሙስ ተነስቼ ሁሉንም እናገራለሁ፤ እሱም ፊቴ ይቀመጣል። ከሰው አፍ ሳይሆን ከኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። አስቀድመሽ ልትነግሪው ከፈለግሽ ደውዪለት። እኔን ዳግመኛ ላታነጋግሪኝ ትችያለሽ፤ አልፈርድብሽም።

አዛርያ ያን ቀን አልጠጣም ነበር። ባልሽ መስመሩን አልሳተም፤ የሳተው መስመሩ ነው።

ጎረቤትሽ የነበረችው
ሰሊና