አውሮፕላንና ቀፎ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ንዴቴ አሁንም አልበረደም። ታላቅ ወንድሜ ዛሬ የእማዬን ማር ሊሸጥ ከገጠር፣ ከማንኪራ፣ እኔ ወዳለሁበት ቦንጋ መጣ። ማሩን ሸጠና እኔ ቤት ሳይደርስ ገንዘቡን በሙሉ በስልኩ ቁማር ተበላ። አውሮፕላን የሚበርበት ጨዋታ ነው። ከፍ ባለ ቁጥር ገንዘቡ ይበዛል፤ ሳታወጣ ድንገት ከተሰወረ ግን የመደብከውን ይዞብህ ይሄዳል።

ዓይኑን በጨው ታጥቦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቀፎ ስሰቅል ንብ ይግባ አይግባ በምን አውቃለሁ? ባዶውን ብዙ ከቆየ አንድ ቀን መግባቱ አይቀርም። ይኼም እንደዛው ነው።»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ ንብ እምቢ ካለህ ቀፎውን ታጥናለህ፣ ዛፍ ትቀይራለህ። ቢቀር ቢቀር ቀፎው ያንተ ነው። አውሮፕላኑ ግን ቅድም መበላትህን አያውቅም፤ ተራህ ደረሰ ብሎ አያዝንልህም። ስሌቱን የሠራው ባለቤቱ ነው፣ ለራሱ እንዲያደላ አድርጎ። አንዳንዴ ትበላለህ፤ በቆየህ ቁጥር ግን የሚበላው እሱ ነው!» አልኩት። ሒሳብ ሳስተምር እንኳ እንዲህ ጮኬ አላውቅም።

እማዬ በዚያ ማር ዓይኗን ልትታከም ነበር። ይህንን ስነግረው አንገቱን ደፋ። ገባው ብዬ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ባዶ ባልዲዎቹን አንሥቶ በሩ ላይ ሲደርስ ዘወር አለ።

«እውነትሽን ነው» አለኝ። «ዛፍ መቀየር ነበረብኝ። ስልኬ ላይ ሌላም ጨዋታ አለ።»