ከሂስኪያ ክምር ስለ ተነሡት ጠፍጣፋ ድንጋዮች

ለተከበሩ የአውራጃችን የመንገዶችና የጎብኚዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ዓይንዎ እንደምን ከርሟል? ዓይንዎን ለይቼ መጠየቄ ከመንደራችን ከዳብራስ ወጣ ብሎ የጠጠሩ መንገድ ወደ ደረቁ ወንዝ የሚታጠፍበትን ቦታ ለማየት እንዳስቸገረዎ ስለ ተረዳሁ ነው። እኛ ደኅና ነን፤ ፍየሎቹም ደኅና ናቸው፤ ዝናቡ ቢቀርብንም ነፋሱ አልቀረብንም።

ማግሬታ ኢሳክስ እባላለሁ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ ጽሕፈት ቤትዎም መልስ የሚሰጠው ቀስ ብሎ ስለሆነ እንግባባለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ልጄ ሂስኪያ ባለፈው ብርድ ወቅት በዚያ መታጠፊያ ላይ መኪናው ተገልብጦበት ሞተ። በወደቀበት ቦታ ድንጋይ ከመርሁለት። እንደሚያውቁት የድንጋይ ክምር ያገኘ መንገደኛ ወርዶ አንድ ድንጋይ ጨምሮበት፣ ደኅና መንገድ ለምኖ ያልፋል፤ በዚህ ምክንያት ክምሩ አድጎ አሁን ደረቴ ላይ ደርሷል። ጥቅሙም ለሂስኪያ ብቻ አይደለም፤ ድንጋይ ለመጨመር ያሰበ ሰው ከመታጠፊያው በፊት ዝግ ይላል፤ ዝግ ያለ ሰው ደግሞ እናቱን አያስለቅስም። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ክምሩን “በመንገድ ዳር የተጣለ ቆሻሻ” ብሎ እንዲነሣ ማዘዙ ስለ ተነገረኝ፣ ይህን ምስጋናና አቤቱታ በአደባባይ ላቀርብልዎ ተገድጃለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ሰሌዳው። ሂስኪያ በሕይወት ሳለ የመንደራችን ሰዎች በመታጠፊያው ላይ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ እንዲተከል ቢለምኑ፣ ብረት የለም ተባሉ። እኛም አመንን፤ አገሩ ሰፊ፣ ብረቱም ጥቂት ነው። ሂስኪያን ከቀበርን በኋላ ግን ያማረ ብረት መጣና ሰማያዊ ሰሌዳ ተሸክሞ ቆመ፤ “ድንቅ እይታ፣ ጥሩ ኔትዎርክ” ይላል። ከዚያ በኋላ ብረትማ እንደ ነበረ፣ የጠፋው “ቀስ በሉ” የሚለው ቃል ብቻ እንደ ሆነ ገባን። ስለ ማብራሪያው እናመሰግናለን።

፪ኛ፦ ሰሌዳዎ ስላመጣልን እንግዶች። እነዚህ ሩዋንና ሚስቱ ኖምቩላ ናቸው። ከኬፕታውን ተነሥተው በረሃውን በቤት መኪና የሚያቋርጡ፣ እየሄዱም ላፕቶፕ ከፍተው የሚሠሩ ባልና ሚስት ናቸው። መኪናቸው አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ እኔ ቤት የሌለ ማቀዝቀዣም አለው። ሰሌዳዎን አምነው ቆሙ። ኔትዎርኩ እውነትም ጥሩ ነበር፤ መሬቱ ግን ያዘነበለ ስለሆነ ላፕቶፑ ከጠረጴዛው እየተንሸራተተ አስቸገራቸው። ከጎማው ሥር የሚገባ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈለጉ፤ በዚያ አካባቢ ተመርጦ የተቀመጠ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ፍየሎቼን እየነዳሁ ስደርስ የልጄ ክምር ጎኑ ተነድሏል፤ የቤት መኪናው ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኖምቩላ በመስኮቱ ትታየኛለች፤ ከወገቧ በላይ ለሠርግ የለበሰች፣ ከወገቧ በታች ገና ከእንቅልፏ ያልተነሣች ሆና ከአለቆቿ ጋር ትሰበሰባለች።

“አንተ፣ የማን ድንጋይ ላይ እንደቆምክ ታውቃለህ?” አልሁት ሩዋንን።

“ኧረ እማማ፣ በረሃ ላይ ደሞ ድንጋይ ባለቤት አለው እንዴ?”

“ይሄኛው አለው። ሂስኪያ ይባላል። ልጄ ነው።”

“ሩዋን፣ ድምፅህን ቀንስ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ!” አለች ኖምቩላ ከውስጥ። ከዚያ አንገቷን በመስኮት ብቅ አድርጋ ክምሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ከአለቆቿ አንዱ እየተናገረ ሳለ ላፕቶፑን ጠርቀም አድርጋ ዘጋችው። “እማማ፣ ምንድን ነው ያደረግነው?”

“ቤታችሁን በልጄ ላይ አቃናችሁ። እንቅልፍስ ተስማማችሁ?”

ክቡር ሆይ፣ አላወቁም። ሰሌዳዎ ኔትዎርኩን እንጂ ሂስኪያን አልነገራቸውም። ሩዋን መኪናውን አንቀሳቅሶ ድንጋዮቹን እያቀፈ መመለስ ጀመረ፤ ግን ትንሹን ከታች፣ ትልቁን ከላይ ሲያደርግ ሁሉም ይንሸራተትበታል።

“ጠፍጣፋው ከታች! ቤት ሠርተህ አታውቅም እንዴ፣ አንተ ልጅ?”

“እማማ፣ የኛ ቤት እኮ ጎማ ነው ያለው!”

ከቀብሩ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። እንግዶቹን ያመጣው ሰሌዳዎ ስለሆነ ለዚህም እናመሰግናለን፤ ይህኛው ምስጋና የእውነት ነው።

፫ኛ፦ ስለ ግሬደሩ። ክምሩን የሚያነሣ ግሬደር እንደሚላክ ሰምተናል። መንገዳችን ጎድኑ እንደወጣ ከብት ሆኖ ጥርስ ሲያስነቅል፣ ለማስተካከል ግሬደር ስንለምን ኖረናል፤ አልመጣም። የአንድ ልጅ ድንጋይ ለማንሣት ከመጣልን ግን፣ እግረ መንገዱን ምላጩን ዝቅ አድርጎ ቢመጣ መንደሩ በዕልልታ ይቀበለዋል።

ባልና ሚስቱ እስካሁን አልሄዱም። ቀን ቀን ይሠራሉ፤ ሲመሽ በፍም ላይ የጋገርሁትን ዳቦ ከፍየል ሥጋ ጋር ይበላሉ፤ ሩዋንም ፍየሎቼን ያግዳል፣ ይልቁን ፍየሎቼ እሱን ያግዱታል። የኖምቩላ ሥራ በስልክ ውስጥ እየተናገረ መንገድ የሚያሳየውን ካርታ ከሚያዘጋጁት ጋር ኖሯል። አንድ ምሽት “እማማ፣ የዚህ ቦታ ስም ማነው?” ብላ ጠየቀችኝ።

“ስም የለውም። መታጠፊያ ነው።”

“እንግዲያው አለቆቼን ልነዝንዛቸው ነው። እነሱም ስብሰባ ላይ የዘጋሁባቸውን ይቅር ካሉኝ።”

ይቅር አሏት መሰለኝ። አሁን ስልኩን ከፍቶ የሚነዳ ሰው ወደ ቦታው ሲቃረብ፣ “የሂስኪያ መታጠፊያ ደርሰዋል፤ እባክዎ ፍጥነትዎን ይቀንሱ” የምትል ሴት ከስልኩ ትሰማለች። ስሙን ትንሽ ታጣምመዋለች። ግን ትጠራዋለች። እኔም ክምሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ መስኮት ከፍቶ የሚያልፍ መኪና ሲመጣ፣ ልጄን የማታውቅ ሴት ልጄን ስትጠራው እሰማለሁ።

ሆኖም ክቡርነትዎ “እንግዲህ ስልኩ ካለ ድንጋዩ ለምን?” እንዳይሉኝ እሰጋለሁ። የአህያ ጋሪ ስልክ የለውም። ሂስኪያ ይነዳት የነበረችው ዓይነት አሮጌ መኪናም የምትናገር ሴት የላትም፤ እንዲህ ያለው ነጂ የሚያየው ድንጋዩን ብቻ ነው። ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው፦ ክምሩን ይተዉልኝ። ካልተዉልኝ፣ ግሬደሩ ሲመጣ ከፍየሎቼ ጋር ክምሩ ላይ ተቀምጬ ያገኘኛል፤ ለነጂውም ትኩስ ዳቦ ይዤለታለሁ፤ እሱ የታዘዘ ሰው ነው።

ለወንበርዎ ዕድሜ፣ ለመኪናዎ ጥላ፣ ለዓይንዎም ፈውስ እየተመኘሁ፣ ሰሌዳዎን በየዕለቱ የማነብብ፣ አቧራዎን በየዕለቱ የምጠርግ፣

አክባሪዎ
ማግሬታ ኢሳክስ፣ የሂስኪያ እናት
ከዳብራስ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት ክምሩን ሊያዩ በነጭ መኪናዎ መጥተው ነበር። መስኮትዎ ዝግ ስለ ነበር ስልክዎ የልጄን ስም ሲጠራ አልሰማሁም፤ መኪናው ግን ዝግ ሲል አየሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ለሂስኪያ ሲታዘዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሾፌርዎ ወርዶ ድንጋይ ጨመረ፤ “እማማ፣ አለቃዬ ሙቀቱን ፈርተው ነው፤ የሳቸውንም ልጨምርላቸው?” ሲለኝም፣ ድንጋይ በተወካይ አይቀመጥም አልሁት። ቦታዎን ክፍት አድርጌ ጠብቄዋለሁ። ሲመጡ ጠፍጣፋው ከታች መሆኑን ብቻ አይርሱ፤ የሚቸግርዎ ከሆነ ሩዋን ያሳይዎታል፤ እሱ በአንድ ቀን ለምዶታል።