ጭቃ ውስጥ የዘፈዘፍሁት ጋቢ

ቡሬ አጠገብ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ጣሊያን በቡሬ ገበያ አቡጀዲ አርክሶ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ እንደ እኔ ያለ ብዙ ሸማኔ ሥራ ፈትቷል። ዛሬ የአርበኞቹ አለቃ ፊታውራሪው ቤቴ መጥተው፣ «ለተዋጊ ልጆቼ ልብስ ያንኑ አቡጀዲ ላስገዛ ይሆን?» አሉኝ።

«የሚወጋችሁን ሰው ጨርቅ ለብሳችሁ ልትወጉት ነው? ሴቶቻችን ይፍተሉ፣ እኛም እንሸምን፤ ሥራው በእጃችን ይቆይ» አልኋቸው።

እሳቸውም፣ «አቡጀዲው ቡላ ነው፤ የእናንተ ሸማ ግን ነጭ ነው፤ ከሩቅ ያስመታናል» አሉ።

ባለቤቴ ግን እንዝርቷን ሳታስቀምጥ፣ «ታዲያ ጭቃ ለምን ተፈጠረ?» አለች።

ለጥምቀት ልለብሰው የሠራሁትን ጋቢ ወንዝ ዳር ወስጄ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ዘፈዘፍሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ሸማ እንዳይቆሽሽ ስጠነቀቅ ኖሬ፣ ዛሬ አልሳሳሁም። ሲደርቅ መልኩ የታረሰ ማሳ መሰለ። ነገ ለተዋጊዎቹ ሌላውን መሸመን እጀምራለሁ።