መሬቱን ሳላይማ አልገዛም

ረቡዕ

አልገዛም መች አልኩ? መግቢያው በየት ነው ነው ያልኩት! ይሄ ምኑ ነው ስድብ?

ጋሼ ታደሰ የሐበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ላይ ምሳ ጋብዘውኝ በረሃ ያለውን መሬታቸውን ሊሸጡልኝ ነው። ፎቶ አሳዩኝ። ሰማይ፣ ቁጥቋጦ፣ አሁንም ሰማይ። «ለባዳ ከምሰጠው ላንቺ ይሁን፣ ልጄ» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። የሃውቶርን አፓርትመንቴ ኪራይ በየዓመቱ ይጨምራል። እኔ የምፈልገው ትንሽ ቤት፣ ጥቂት ዶሮ፣ ማንም ልቀቂ የማይለኝ የራሴ ደጅ ነው።

ስለዚህ ጠየቅኩ። ውሃው ምን ያህል ጥልቅ ነው? መብራት እስከየት ደርሷል? አፈሩ የሽንት ቤት ፍሳሽ ይቀበላል? ቤት መሥራት ይፈቀዳል? መኪና በየት በኩል ይገባል?

እጃቸውን ከትሪው ላይ አነሱ። «እኔን ነው የምትመረምሪው?»

አዎ፣ ልላቸው ነበር። ዋጥኩት።

ሐሙስ

ሳንታ ሞኒካ፣ የምሠራበት ሆቴል ጓሮ፣ በብሬክ ሰዓቴ የመሬት መዝገብ ያለበት ካውንቲ ቢሮ ደወልኩ። ሙዚቃ፣ ሙዚቃ፣ በመጨረሻ አንዲት ትሁት ሴትዮ። መሬቱ የጋሼ ነው፣ ልክ ነው። ግን ዙሪያውን የሰው መሬት ነው፤ በዚያ አልፎ ለመግባት የተመዘገበ መብት አላገኘችም። መኪና ካልገባ ጉድጓድ ቆፋሪስ በምን ይገባል? በሄሊኮፕተር?

ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። «በዓይኔ አይቼ የገዛሁትን መሬት ካውንቲ ሊያሳየኝ!» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። እስኪመሽ ድፍን ፌርፋክስ ሰምቷል። ሰናይት አዛውንት ደፈረች ተብሏል። ይበሉ!

ዓርብ

ወይ ጉድ! ሽማግሌ መጣብኝ። መንገዱ የት ነው ስላልኩ!

ጋሼ የቸርቻችንን እትዬ አስካለንና አንድ ዝምተኛ ሰውዬ አስከትለው ሶፋዬ ላይ ተደረደሩ። እትዬ አስካለ ከሁሉም ባሱ። «ስንገዛ ስንሸጥ የኖርነው በመተማመን ነው። ማን ማንን ጠየቀ? በይ ተነሺ፣ ጉልበታቸውን ሳሚ!»

አልተነሳሁም። «ነገ አብረን እንሂድ። መኪናዬን መሬታቸው ላይ ፓርክ ካደረግኩ ጉልበትም እግርም እስማለሁ» አልኩ። ጋሼ ወገቤን ያመኛል አሉ። እትዬ አስካለ ግን፣ «ይሂዱና ያሳፍሯት እንጂ! እኔም እመጣለሁ» አሉ።

ኦኬ። እናያለን።

ቅዳሜ

አየን።

የአፈሩ መንገድ አንድ የተቆለፈ በር ጋ አለቀ። ሰንሰለት። የግቢው ባለቤት ውሻውን ይዞ ወጣ፤ ሰውየው ጨዋ ነው። የምትሉት መሬት ከኔ ጀርባ ነው፣ በኔ በኩል ግን ማንንም አላሳልፍም አለ።

ጋሼ ሰንሰለቱን ይዘው ቆዩ። «የቱ ነው የኔ?» አሉኝ።

የገዛ መሬታቸውን እኔን! ስልኬ ላይ ካርታውን ከፍቼ፣ ከሰውየው አጥር ወዲያ በጣቴ አሳየኋቸው። ያኔ እውነቱ ወጣ። አይተውት አያውቁም። ከወዳጅ ሲገዙ ልየው ማለት ነውር መስሏቸው ነበር። «ልጆቼን መሬት አላችሁ እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው» አሉ ሰንሰለቱን ለቀው።

አንጀቴን በሉት። የቀረችኝን ውሃ ሰጠኋቸው፣ ደግፌ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው። ግን አልገዛሁም። ጉልበትም አልሳምኩም። አዝንላቸዋለሁ እንጂ ስለጠየቅኩ አላፍርም። ባልጠይቅ ኖሮ ዛሬ ያ ሰንሰለት የኔ ነበር።

ስንመለስ እትዬ አስካለ ከኋላ ወንበር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ተቀየሙኝ ብዬ ተውኳቸው።

እሑድ

ከቸርች ስወጣ እትዬ አስካለ ክንዴን ይዘው ወደ ፓርኪንጉ ወሰዱኝ። በቃ፣ ሁለተኛው ዙር ስድብ መጣ አልኩ። እሳቸው ግራ ቀኙን አዩና ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሰናይትዬ፣ እኔም እዚያው በረሃ መሬት አለኝ። ከጋሼ ጋር ነው የገዛነው። አይቼው አላውቅም።»

ዓርብ ጉልበት ሳሚ ያሉኝ ሴትዮ! ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ነገ በብሬኬ ካውንቲ እደውልልዎታለሁ አልኳቸው። የራሴን መሬት መፈለጌንም አልተውኩም፤ ማንም አያስተወኝም።

«መንገድ ቢኖረውስ፣ ትገዢዋለሽ?» አሉኝ እየፈሩ።

«መንገድ ካለው» አልኳቸው፣ «ውሃውን እጠይቅዎታለሁ።»