መቶ አለቃ ያደረገኝ የክርስትና ስም

ሰኞ፣ ኅዳር 4፣ 2010። ጠዋት 3፡00

መብራት መጣ። ኮፒ ማሽኑ እየሞቀ ነው። ደባርቅ ዛሬ ብርዱ ሌላ ነው፣ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኛል።

አንድ አስጎብኚ ፍላሹ አልከፈት ብሎት ወደ ኮፒ ቤቱ መጣ። እስቲ ልየው ስለው ወንድ ልጅ የለም ወይ አለኝ፤ ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ወንድ ይወልድ ይመስል እያየ። ከፈትኩለት። ምስጋና የለ፣ ምን የለ።

ለዚህ እኮ ነው ደብተሬ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ግሩፕ የምወደው። እዚያ ጎሹ የሚባል ወንድ ነኝ። የሰው አካውንት የሚሰብሩ ሠላሳ ምናምን ወንዶች፣ ፊቴን አንዳቸውም አያውቁም። የሰበረ ማዕረግ ይጨመርለታል። ያቃተው የፕሮፋይል ፎቶውን አንስቶ ነጠላ የለበሰች ሴት ይለጥፋል፤ ሳምንት ሙሉ እታለም እየተባለ ይሾፍበታል። እኔም አብሬ አሾፋለሁ። ያሳፍራል፣ ግን ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5። ከሰዓት

አለቃችን ራሱን ሻለቃ ይላል። ዛሬ አንድ አካውንት ጣለልን፤ ፀዳለ፣ ዳባት ት/ቤት የምታስተምር። ሦስት ሰው ሞክሮ ሦስቱም ነጠላ ለበሱ። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ የአባባ የንስሐ ልጅ ናት።

አባባ ቄስ ናቸው። የንስሐ ልጆቻቸውን የክርስትና ስም ለጸሎት የሚጽፉበት ትንሽ መዝገብ አላቸው። የኛ አገር ሰው ደግሞ ፓስወርድ ሲያወጣ ማንም የማያውቀው ብሎ የክርስትና ስሙን ይጽፋል። ከእናቱና ከቄሱ በቀር ማን ያውቀዋል? ቄሱ ቤት ሴት ልጅ እንዳለች ትዝ አይለውም። እስካሁን ስድስት አካውንት የከፈትኩት በዚህ ነው።

አባባ ቅዳሴ እንደሄዱ መዝገቡን ገለጥኩ። የክርስትና ስሟን አካውንቷ ላይ ካለው የልደት ዓመቷ ጋር ጻፍኩ። ተከፈተ። ስክሪን ሹት ላክሁ፣ መቶ አለቃ ተባልኩ። ወንድ ማለት እንዲህ ነው ተባለልኝ። እንዴት ቻልክ ሲሉኝ የክርስትና ስሟ ነዋ ብዬ ጻፍኩ። ጉራዬን መቼም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7። 5፡30

ሻለቃ ሽማግሌ ልኮባት ነበር ለካ፤ እምቢ ብላ ለሌላ ታጨች። አሁን ለእጮኛዋ የላከቻቸውን ፎቶዎች አውጣልኝ ይላል፣ እስከ እሑድ ማታ። በየስልኩ ሊበትናቸው ነው።

ገብቼ አየሁ። ፀጉሯን ፈታ፣ ትከሻዋ ተገልጦ ትስቃለች። ሌላ ምንም የለም። ግን ዳባት ላይ ይኼ ይበቃል። ክፍል ገብታ አታስተምርም፣ እጮኛዋም ቤተሰቦቹ ይከለክሉታል።

ሌላ ሥራ ስጠኝ አልኩት። ነጠላ ልላክልህ ወይ አለኝ። ሁሉም ተንጫጫ። ከዚያ፣ አንተ ባትልክ እኔ እከፍተዋለሁ፣ እናቷን ለጸሎት ነው ብሎ የክርስትና ስሟን የሚጠይቅ ሰው እልካለሁ አለ። መንገዱን ያሳየሁት እኔው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9። ጠዋት

ፓስወርዷን እኔው ልቀይረው ብዬ ሞከርኩ። የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ፀዳለ ስልክ ይሄዳል። ተውኩት።

በጎሹ ስም ጻፍኩላት፦ እህቴ፣ ፓስወርድሽን ዛሬውኑ ቀይሪ። ወዲያው አገደችኝ። ምን ታድርግ፣ የማታውቀው ወንድ እህቴ ብሎ ሲጽፍላት ለስንተኛ ጊዜዋ ነው? ወንድ ሆኜ ሁሉም ሲያምነኝ ከርሞ፣ እሷ ብቻ አላመነችኝም።

ቁጥሯን ከአባባ ስልክ ላይ ወስጄ ደወልኩ። አቤት አለች፣ ድምፅዋ ደስ ይላል። ዘጋሁት። ፈሪ።

እሑድ፣ ኅዳር 10። 4፡00

አባባ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነገርኳቸው። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መዝገቡን አምጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ስንት ሰው አሉኝ። ሰባት አልኳቸው። እነማን እነማን አሉ፤ አንድ በአንድ ጠራሁ። በየስሙ እ አሉ።

ከዚያ፣ ለጸሎት ብለው ስማቸውን የሰጡኝን ሰዎች እንግዲህ እንዴት ብዬ ነው መስቀል የማሳልማቸው አሉ። ዳባት ሄጄ ለፀዳለ ራሴ እነግራታለሁ አልኳቸው። አብሬሽ ልሂድ አሉኝ። እምቢ አልኩ። እሳቸው ከፊቴ ከቆሙ ለሳቸው ስትል ይቅር ትለኛለች።

5፡20፣ መናኸሪያ

ሚኒባሱ አልሞላም። ሁለት ሰው ቀረ። ረዳቱ ዳባት፣ ዳባት ይላል።

ፓስወርዷን ፊቴ እንድትቀይር አደርጋለሁ። ሻለቃ የጻፈውን ሁሉ ስልኬ ላይ ይዣለሁ፤ ለፖሊስ ልስጥ ካለች ትስጥ፣ የኔም ስም አብሮ ይሄዳል። በጥፊ ብትለኝም አልሸሽም። ከእሷ ቀጥሎ ስድስት ቤት አለ። ሦስቱ እዚሁ ደባርቅ ናቸው፣ በየቀኑ ኮፒ ሊያስነሱ የሚመጡ፣ እንደምን አደርሽ የሚሉኝ። የቄሱ ልጅ ነኝ፣ አካውንታችሁን የከፈትኩት እኔ ነኝ ብዬ በየደጃቸው

ሞላ። እየተነሳን ነው