ስለ ትዳሬ ብጠይቅ ተሳቀብኝ

ለርኅሩኃን ጠቅላላ ሆስፒታል
የሕክምና አገልግሎት ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የጡት ካንሰር ታካሚ ስለ ትዳር ሕይወቷ ስትጠይቅ መልስ ስለተነፈጋትና ስለተሳቀባት የቀረበ አቤቱታ

ክቡር ዳይሬክተር፣

1. እኔ አመልካች የልደታ ክፍለ ከተማ ነዋሪ፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነኝ። በሆስፒታልዎ ግራ ጡቴ ተቆርጦ ኬሞ ወስጃለሁ። ሕይወቴን አትርፋችኋል፤ ይህን አልክድም።

2. ከኬሞው በኋላ የወር አበባዬ ቆመ፤ ሰውነቴ ደረቀ፤ ግንኙነት ሕመም ሆነብኝ። ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ የነገረኝ የለም። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ ሙኒር መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ ለብቻው መተኛት ጀመረ። ጠባሳዬን የተጸየፈ መስሎኝ ልብሴን እንኳ እሱ ፊት መቀየር ተውኩ። አማቴ "ልጄ ሌላ ያግባ" ማለት ሲጀምሩ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ወዳለው የእናቴ ቤት ልመለስ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

3. ሙኒር በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ። "የከለከሉኝ እኮ የሆስፒታሉ ሰዎች ናቸው! ነርሷን ብጠይቃት 'አይንኳት፣ ይብስባታል' አለችኝ። እንዳልገድልሽ ፈርቼ ነው" አለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ለየብቻችን ስናለቅስ ኖረናል።

4. እውነቱን ለማወቅ ተያይዘን ወደ እናንተ መጣን። የሆስፒታልዎ ሐኪም ዶክተር ፍሰሐ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ተማሪዎቻቸው በተሰበሰቡበት ጥያቄዬን ሰሙ። "ነፍስሽ ተርፋ አሁን የምታስቢው ይህን ነው?" አሉኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ ሚስትነቴም ከጡቴ ጋር ተቆርጦ ተጥሏል?

5. በኋላ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ አንዲት የማሕፀን ሐኪም በጥቂት ደቂቃ አስረዱን። መቀራረባችን በሽታውን አያባብስም፤ ለሕመሙም መፍትሔ አለ። ልጅን በተመለከተ ግን፣ ኬሞው መውለድን ሊያስቀር ስለሚችል፣ ሳይጀመር መመካከር ነበረብን። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ንዴት ወረቀት አይችለውም።

ስለዚህ ታካሚዎችን ከነትዳር ጓደኞቻቸው በተዘጋ ክፍል የምታነጋግር ሴት ባለሙያ እንድትመደብ፣ ወጣት ሴቶች ኬሞ ከመጀመራቸው በፊት ስለ መውለድ እንዲነገራቸው፣ ዶክተር ፍሰሐም በእነዚያው ተማሪዎች ፊት ይቅርታ እንዲጠይቁን እንዲደረግ በአክብሮት አመለክታለሁ። መብቴ ነው፤ ልመና አይደለም።

ዘመዶቼ "ነውር ነው፣ ስምሽን አትጻፊበት" ብለውኛል። ሙኒር ግን "እኔም እፈርማለሁ" አለ።

ከተገቢው ሰላምታ ጋር

መይሙና ከሊፋ (ፊርማ)
ሙኒር ሁመድ፣ ባለቤቷ (ፊርማ)