ምስክር የላትም ስላልናት በጎ ፈቃደኛችን ኅልፈት

የአረጋውያን መደጋገፊያ ማኅበራችን፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ደራሿ» እያለ የሚጠራት በጎ ፈቃደኛችን በድንገተኛ ሕመም በሃያ አራት ዓመቷ መለየቷን ለአባላቱና ለሰፈሩ ነዋሪዎች የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። ከሐዘኑ ጋር ኀፍረትም አለብን፤ ምክንያቱን እዚሁ እንጽፋለን።

ወደዚህ አገር የመጣችው ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ተለይታ፣ ብቻዋን ነው። ቀን ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠበች፣ ማታ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሙያ ትማር ነበር። ምኞቷ የማኅበራችን ቋሚ ሠራተኛ መሆን ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ከቤት መውጣት ላቃታቸው አባላት መድኃኒት ታመላልስ ጀመር።

በሁለተኛው ዓመት ብዙ አባሎቻችን የሚኖሩበት ረጅም ሕንፃ አሳንሰር ሲበላሽ ክረምቱን ሙሉ ውሃና አስቤዛ በትከሻዋ አወጣች። በሕንፃው የሚኖሩ አንድ ዓይነ ስውር ጡረተኛ ልብስ ሰፊ «አንቺ ልጅ፣ ደረጃው እንኳ ለይቶሻል፤ ያልለየሽ ኮሚቴው ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ይህን የምንጽፈው የማኅበሩ ኮሚቴ አባላት ቀልዱን ሰምተናል።

ባለፈው ዓመት ለቋሚ ሠራተኛነት አመለከተች። ደንባችን የሚያውቋት ሁለት አባላት እንዲመሰክሩላት ይጠይቃል፤ እርዳታ የተቀበለ ሰው ግን ለረዳው አይመሰክርም ይላል። አንቀጹን ያስገባነው ይሉኝታና ውለታ ፍርድ እንዳያጣምሙ ነበር። እርሷ በዚህ ከተማ ዘመድም አብሮ አደግም አልነበራትም፤ ከአባላቱ የሚያውቋት የረዳቻቸው ብቻ ነበሩ። ልብስ ሰፊው ግድግዳ እየዳበሱ ሊመሰክሩ መጡ፤ መለስናቸው። ማመልከቻዋን ሁለት ጊዜ በይደር አቆየነው። ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ ሥራዋ ላይ ነበረች።

በቀብሯ ዕለት አስከሬኗን ያጀቡት እነዚያው ልንሰማቸው ያልፈቀድን ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ያለ እርሷ ድጋፍ ደረጃ ወርደው አያውቁም ነበር።

ከሩቅ አገር የደወሉት እናቷ፣ ልጃቸው «ቀጠሩኝ» እንዳለቻቸው ነግረውን፣ የሥራ መደቧ በዚህ መግለጫ እንዲጻፍላት ጠይቀዋል። ያልወሰንነውን ወሰንን ብለን አንጽፍም። አንቀጹ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል፤ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ መሆኑን እናውቃለን።

ለወንድሟ፣ አብረዋት ለተማሩትና በየፎቁ የእግሯን ኮቴ ለሚጠብቁ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። እናታችን፣ ለእርስዎ የምንለው ይህን ነው፦ ልጅዎ በውሳኔ ሠራተኛችን አልነበረችም። በሥራ ግን ከእርሷ ሌላ ሠራተኛ አልነበረንም።